የመዝገቡ ሰውና የቤቱ ሰው

እ.ኤ.አ. በ2022 የእስራኤል ሕዝብ ቆጠራ በተካሄደ ጊዜ ቆጣሪ ሆኜ ስዞር፣ በኢየሩሳሌም በቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ከሚገኙት አሮጌ ፎቆች በአንደኛው በራቸውን የከፈቱልኝ ከኢትዮጵያ የመጡ እናት፣ ቡናውን ካቀረቡልኝ በኋላ «ልጄ፣ መንግሥት ያውቀኛል፤ ተዑዳት ዘሁቴም፣ መታወቂያዬ፣ ይኸው፤ ደግሞስ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት አልወረደምን?» ብለው መለሱልኝ። ከመጋረጃው ኋላ የተነጠፈ ፍራሽና የልጅ ልጃቸው የወታደር ጫማ እየታየኝ፣ እርሳቸው ግን በቤቱ የምኖር እኔ ብቻ ነኝ ብለው ጸኑ። የልጅ ልጃቸውን የደበቁት ብሔራዊ መድን ድርጅቱ ቢቱዋሕ ሌኡሚ አበላቸውን እንዳይቀንስባቸው ሠግተው እንደ ሆነ ለመገመት ብዙ ጥበብ አያሻም። ቆጣሪ መርማሪ አይደለምና የነገሩኝን ጻፍሁ፤ ነገሩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

የዳዊትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ፍጻሜ እንደ ተጻፈው፣ ኢዮአብ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ዞሮ የቆጠረው ሰይፍ የሚመዝዙትን ወንዶች ስለ ነበረ፣ እኒያ እናት በዚያ ዘመን ኖረው ቢሆን ማንም ደጃቸውን ባልረገጠ። በኦሪት ዘኍልቍም በሙሴ ጊዜ ቆጠራው እንዲደረግ ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው።

እኔን የሚያሰለቸኝ ግን «መንግሥት ያውቀኛል» የሚለው ነው፤ ይህንንም ካልተማረው ይልቅ ከተማረው አብዝቼ እሰማዋለሁ። መዝገቡ ያውቀናል፤ የሚያውቀን ግን በመጨረሻ ባስመዘገብነው አድራሻ ነው። የእስራኤል የሕዝብ መዝገብ የተወለደው ከቆጠራ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1948 ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ በሰዓት እላፊ ታግዶ ሳለ ከተደረገው ነው። መዝገብ ግን ያረጃል። ወደ ውጭ አገር ሄዶ የቀረው በመዝገቡ እዚሁ ይኖራል፤ በእናቱ አድራሻ ቂርያት ጋት የተመዘገበው ተማሪ ቂርያት ሃዮቨል ተከራይቶ ያድራል፤ ባልና ሚስት ተለያይተው ሳለ በወረቀት አንድ ጣራ ሥር ናቸው። የስታቲስቲክሱ ማዕከላዊ ቢሮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝገቡን ከናሙና ጥናት ጋር አጣምሮ የሚቆጥረው ይህን ስሕተት ለማረም ነውና፣ «መዝገብ ካለ ቆጠራ ለምኔ» ማለት ስሕተቱ ሳይታረም ይኑር እንደ ማለት ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በናሙናው የወጣ አንድ ቤት የራሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤቶች እንደራሴ ነው፤ እርሱ አልናገርም ሲል የሚጎድለው መልስ፣ መልስ በሰጡት ሰዎች ሚዛን ይሞላል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ከጎረቤቱ ይልቅ አብዝቶ በሩን ከዘጋ፣ ባዶው ቦታ ባዶ አይቀርም፤ በጎረቤቱ መልክ ይሳላል እንጂ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስንት ቤተሰብ ተጨናንቆ እንደሚኖር፣ ስንት አረጋዊ በዕብራይስጥ ማንበብ እንደማይችል ሰነዱ ሳያሳይ ሲቀር፣ «አልታየንም» ብለን በየስብሰባው እንጮኻለን! እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የእስራኤል የስታቲስቲክስ ድንጋጌ የአንድን ሰው መልስ በስሙ ማሳወቅን እንደሚከለክል በራቸውን ለሚዘጉት ስነግራቸው ደግሞ ብዙዎቹ ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ በፈገግታቸው ባልፈርድም ደክሞኛል።

ያለ ቆጠራ መኖር ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዘመዶቻችን ያሉበት አገር ይበቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ቢያዝም፣ ሦስተኛው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ተደርጎ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከተገኘ ወዲህ፣ የዐማራ ክልል ቁጥር ከተገመተው አንሶ መገኘቱ በምክር ቤት ሳይቀር ካከራከረ ወዲህ፣ አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። ያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለአቅመ አዳም ሲደርስ፣ ለትምህርት ቤቱም ለጤና ጣቢያውም ዕቅድ የሚወጣው በግምት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለቄሶችና ለሽማግሌዎች ነው፤ የናንተ ቃል ከኔ መታወቂያ ይልቅ ይታመናልና፣ የሚቀጥለው ቆጠራ ሳይታወጅ ከአሁኑ ለሕዝቡ ንገሩልን። ቆጣሪ ሲመጣ መታወቂያውን ጠይቁት፤ ካልያዘ አታስገቡት። ከያዘ ግን በቤታችሁ የሚኖረውን ሁሉ አንድም ሳታስቀሩ አስቈጥሩ።