የዓሣና የውሃ ሣር ሽርክና

ዓሣም እንደ እኛ ይተነፍሳል። የሚተነፍሰው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን የሚባል አየር ነው። አየሩ ሲያልቅ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ታዲያ በትንሽ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዴት ይኖራል? እስቲ አብረን እንይ።

የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሙከራውን አስታወቀ። ሁለት ዓሦችን ከውሃ ሣር ጋር በመስታወት ዕቃ አኖረ። ሣሩ ብርሃን ሲያገኝ ኦክሲጅን ሰጣቸው። ግን የሞተው ቅጠል በስብሶ ውሃውን አደፈረሰው። ቀንድ አውጣ ቢጨምርበት የበሰበሰውን በላለትና ውሃው ጠራ።

ዛሬም ዘዴው ይኼው ነው። በሣጥኑ ውስጥ በደንብ የታጠበ አሸዋ ይነጠፋል፤ ውሃ ይሞላል፤ ሣሩ ይተከላል። ከላይ ኤል ኢ ዲ የሚባለው ቆጣቢ አምፖል ይበራል። የ9 ዋቱ አምፖል የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። በቀን 8 ሰዓት ይበቃል፤ ብርሃን ከበዛ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል።

ዓሣው ግን ቶሎ አይግባ። እዳሪው ውሃውን ይመርዛል። መርዙን የሚያጠፉት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በአሸዋው እስኪራቡ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል እናድርግላቸው። የቸኮለ ሰው ዓሣው ይሞትበታል።

ዓሣም አይብዛ። ሌሊት ብርሃን ስለሌለ ሣሩ ራሱ ከዓሦቹ ጋር ኦክሲጅኑን ይሻማል። በኩሬ ዓሣ የምናረባም ይኼን እንወቅ። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ቢታዩ አየር አጥሯቸዋልና ፈጥነን ንጹሕ ውሃ እንጨምር።