መምህር ወላጅዎ ጡረታ ሲወጡ

ሰኔ ላይ የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ መርሐ ግብር አለ። ተማሪዎች ካርዳቸውን ከተቀበሉ በኋላ 60 ዓመት የሞላቸው መምህር ወደ ፊት ይጠራሉ። ጋቢ ይደረብላቸዋል፤ ይመረቃሉ፤ ይመርቃሉ። ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙ ግን ብዙዎቹን እንባ ይቀድማቸዋል።

እንደ ከላላና መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ይህ ስንብት ከሥራ መሰናበት በላይ ነው። ዛሬ ጡረታ ከሚወጡት መምህራን ብዙዎቹ ማስተማር የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ወሎ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገና ሳታገግም ነው። አባትንም ልጅንም አስተምረዋል። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው የሚያንኳኳው የእነርሱን በር ነው፤ የቅሬው መዝገብም ብዙ ጊዜ በእነርሱ እጅ ይቀመጣል።

“አባቴ በስንብቱ ዕለት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያሰጋል ወይ?” ብለው ከጠየቁኝ መልሴ “አያሰጋም” ነው። የሚወዱትን ሥራ ሲለዩ ማልቀስ የጤነኛ ሰው ሐዘን ነው። “አይዞህ፣ አታልቅስ” ብለው አያቋርጧቸው፤ ይውጣላቸው። እኛን ሐኪሞችን የሚያሳስበን የሰኔው እንባ ሳይሆን የመስከረሙ ዝምታ ነው። ደወሉ ሲደወል፣ ልጆች በደጃቸው ሲያልፉ፣ እርሳቸው የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም።

ጡረታ ጤናን እንዴት ይነካል?

መምህር ለ40 ዓመት ገደማ በተወሰነ ሰዓት ተነስቷል፣ በእግሩ ተጉዟል፣ ቆሞ ውሏል፣ ከብዙ ሰው ጋር ተነጋግሯል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቆማሉ። እንቅስቃሴ ሲቀንስ ክብደትና የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ ስኳርም ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ቀን የተኛ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ገቢም ይቀንሳል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ አይበልጥም። በዚህ የተነሳ የግፊት ኪኒን በየሁለት ቀኑ እየዋጡ “ለማብቃቃት” የሚሞክሩ አሉ። ይህ ለስትሮክ የሚያጋልጥ አደገኛ ቁጠባ ነው።

ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ምልክቶች

የእኛ አባቶችና እናቶች “ድብርት ያዘኝ” ብለው አይነግሩንም። “ወገቤን”፣ “ራሴን”፣ “ጨጓራዬን” ይላሉ። ስለዚህ ሁኔታቸውን ይመልከቱ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከከፋቸው፣ ደስ ይላቸው የነበረው ነገር ካስጠላቸው፣ ምግብና እንቅልፍ ከቀነሱ፣ ከለቅሶና ከሠርግ ከቀሩ “እርጅና ነው” ብለው አይለፉት። ድብርት የሚታከም ሕመም ነው። “ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፣ ሞቴን ነው” የሚል ንግግር ከደጋገሙ ግን ብቻቸውን አይተዋቸው፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

“የጠመኔ አቧራ ነው” እየተባለ የሚታለፈውም ነገር ይታይ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ የድምፅ መጎርነንም በሐኪም መታየት አለበት። መጽሐፍ ማንበብ ያስቸገራቸው መነጽር ብቻ ፈልገው፣ ወይም በቀዶ ሕክምና የሚድን የዓይን ሞራ ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ማንበብ ሕይወቱ ለሆነ ሰው ዓይኑ ሲመለስለት ግማሽ ጤናው ተመለሰ ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አይቸኩሉ። ልጆች አስበንላቸው “አሁንማ ይረፉ” ብለን ወደ አዲስ አበባ እናመጣቸውና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እናስቀምጣቸዋለን። በከላላ መንገድ ላይ በየአሥር እርምጃው ሰላምታ የሚቀበሉ መምህር፣ እዚህ ስማቸውን የሚያውቅ ጎረቤት የላቸውም። ለጥየቃ ይምጡ፤ ለመቆየት ግን እርሳቸው ይወስኑ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ያለው ሥራ ይኑራቸው። ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ከሰዓት በኋላ ማስጠናት፣ የቅሬውን ሒሳብ መያዝ፣ ጓሮ ማልማት ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ ነው።

ሦስተኛ፣ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ጊዜ ለመግፋት ተብሎ የሚጀመር ጫት ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ይነሳል፤ ይቅር።

አራተኛ፣ ይመርመሩ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር ክትትል ይፈልጋል። ይህን ምርመራ በጤና ጣቢያ ማግኘት ይቻላል።

አምስተኛ፣ ስልክ ሲደውሉ “ደህና ነህ?” ብቻ ብለው አይዝጉት። ምክር ይጠይቋቸው፤ የልጅዎን የቤት ሥራ በስልክ ያሳዩላቸው። አስተማሪ የሚድነው ሲጠየቅ ነው።

ዘንድሮ ጡረታ የሚወጣ ወላጅ ካለዎት ከጋቢው ጋር አንድ ነገር ይጨምሩ፤ መስከረም ሳይጠባ አብረዋቸው ሄደው ያስመርምሯቸው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ይደውሉላቸው።