ጥቁር ነጥብ ሁሉ በሽታ ነውን?

አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በማታ ትምህርታችን ላይ ፊቷን በነጠላ ሸፍና መቀመጥ ጀመረች። ምን ሆነሽ ነው ብላት ዝም አለች። የነገሩኝ እናቷ ናቸው።

«በአንድ ክረምት ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ ፈላባት። ሰው ሁሉ ዓይን በልቷት ነው ይላል። ነገ በቁልቋል ወተት ላቃጥልላት ነው። ምን ትላለህ ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ይቆዩ! አይንኩት» አልኋቸው። በማግሥቱ ሦስታችን ጤና ጣቢያ ሄድን። የተማርነው ይህ ነው።

ቆዳችንን የሚያጠቁሩ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። እነሱ አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ «ማርያም የሳመችኝ» የምንለው ነጥብ ይወጣል። ብዙው የሚወጣው በልጅነትና በጉርምስና ነው። እስከ 30 ዓመት ገደማም አዲስ ሊወጣ ይችላል።

በጉንጭና በዓይን ዙሪያ እንደ ጤፍ ፍሬ ከፍ ከፍ ብሎ የሚበተነው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ከወላጅ ይወረሳል፤ በወጣትነት ይጀምራል፤ ከዕድሜ ጋር ይበዛል። የልጅቱም ይኸው ነበር። እናቷ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ጉንጭ ዳሰሱ። «ለካ የኔው ነው!» ብለው ሳቁ።

ሁለቱም ዓይነት አይጎዱም። በጋቢም በዋንጫም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ዓይንም ቡዳም አላመጣቸውም። ጉዳቱ የሚመጣው እኛ ስንነካካቸው ነው። በምላጭ መቁረጥ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ በጭራ ማሰር ያቆስላል። በቁስሉ መንጋጋ ቆልፍ ሊገባ ይችላል። የቁልቋል ወተትም ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል።

ታዲያ ነጥብ ሁሉ ዝም ይባላል ማለት አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ፣ ጠርዙ የተዛነፈ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ የሚደማ ወይም ቆስሎ አልድን ያለ ነጥብ ካያችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቆዳ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ይህ ነቀርሳ በጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከውስጥ እግር፣ ከመዳፍ ወይም ከጥፍር ሥር ነው። የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በግንቦት 1973 ዓ.ም. የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በተነሣ እንዲህ ባለ ነቀርሳ ነው። እርሻ ውሎ የገባ ሰው ደግሞ «እሾህ ወግቶኝ ነው» ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። የጣቶቻችሁን መሐልና ጥፍራችሁንም እዩ።

ልጅቱ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ያን ዕለት ማታ ተነሥታ ጮክ ብላ አነበበች።