የአታት ጉልበት

ከሐይቅ ከተማ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ስትሄዱ በአጥር ሥር የሚበቅለውን እሾሃም አታት ልብ አትሉት ይሆናል። ሥር ማሽና ቅጠል በጣሽ ግን ለእንጥልና ለእባብ ንክሻ ይፈልገዋል። እምነቱ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ቅጠሉ በጥላ ይደርቅና ይፈጫል። እንደ ጌሾ በውኃ ሳይሆን በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ተጣርቶ ሜታኖሉ ሲተን የሚጣበቅ ጭምቅ ይቀራል። ጭምቁ በማሟሚያ ሟሙቶ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብታው ሲያርፍ ዙሪያው ጠራ ያለ ቀለበት ከሠራ ስፋቱ በሚሊሜትር ይለካል። በጎኑ የታወቀ ፀረ ባክቴሪያና ባዶው ማሟሚያ ይቀመጣሉ፤ ማሟሚያው ብቻውን ከገደለ ቅጠሉን ማመስገን ከንቱ ነው።

ብዙ ሰው ቀለበቱን አይቶ "መድኃኒት ተገኘ" ይላል። በረኪናም ቀለበት ይሠራል! ስለዚህ ያው ጭምቅ በሰው ሕዋሳት ላይ፣ አቅም ሲያንስም ገና በተፈለፈሉ የጨው ውኃ ሽሪምፖች ላይ ይፈተሻል፤ 10፣ 10 እየተቆጠሩ በብልቃጥ ይገቡና በማግስቱ ስንቶቹ እንደሞቱ ይታያል። ባክቴሪያውን የሚገታው መጠን ሕዋሱን ከሚጎዳው በብዙ እጅ ካነሰ ተስፋ አለ። ከተቀራረቡ ግን በእጃችን ያለው መርዝ ነው።

የአታት ዘመዶች ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአታት ወገን ኬሚስቱ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ፤ የተገኘው በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ገደማ ነበር። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚጠቀምባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይገነቡ ስለሚያግድ የካንሰር ሕዋስን በኢምንት መጠን ይገድላል። በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ጤነኛውንም ሕዋስ ጎዳ፤ ተተወ። ዓመታት አልፈው ተመራማሪዎች የዚህኑ ንጥረ ነገር ዝርያ የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቁት፤ መርዙ በአብዛኛው ካንሰሩ ውስጥ ገብቶ እንዲፈታ ሆነ። አሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው።

እባካችሁ፣ ይህን ሰምቶ አታት ቀቅሎ የሚጠጣ ዘመድ ካላችሁ አስቁሙት፤ በድስት ውስጥ መርዙን ወደ ካንሰሩ የሚመራ ነገር የለም። ደግሞም አማርኛችን ብዙ ዝርያዎችን "አታት" ይላል። ሊቃውንቱ እንኳ ሜይታንሲን የተገኘበትን ተክል መጀመሪያ በሳይንሳዊ ስሙ ኦቫተስ ብለውት ኋላ ሴራታ ብለው አርመውታል። ከሐይቅ አጥር ሥር የተቆረጠው ቀንበጥም አበባና ፍሬው ሳይጎድል በወረቀት መካከል ተጭኖ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ካልተመሳከረ የትኛው አታት እንደተፈተነ አይታወቅም።