ጣና ላይ በጀልባ ስትሄዱ እንዳያስመልሳችሁ፦ ክኒኑ ከመሳፈር በፊት ነው



ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወይም ራቅ ወዳሉት ወደ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ በጀልባ ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህችን አንብቧት።

“ዶክተር፣ ጨጓራዬ ነው መሰለኝ፣ ጀልባ አይስማማኝም” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ከጨጓራ ሳይሆን ከጆሮ ነው የሚጀምረው። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። ማዕበሉ ሲያወዛውዘን “እየተንቀሳቀስን ነው” ብሎ ለአንጎል ይናገራል። ዓይናችን ደግሞ ስልክ ላይ ተተክሎ “ኧረ ቁጭ ብለናል” ይላል። አንጎል የማይስማማ ወሬ ሲደርሰው ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የምራቅ መብዛት ይመጣል፤ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ማስመለስ።

ስለዚህ ስልካችሁን ኪስ ክተቱት። ከፊት ይልቅ መሃል ላይ መወዛወዙ ስለሚቀንስ እዚያ፣ ከሞተሩ ጭስ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሩቅ ያለውን ዳርቻ ተመልከቱ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ጠዋት መውጣት ይሻላል። ጥብስ በልቶ መሳፈር አይመከርም፤ ባዶ ሆድም እንደዚያው፣ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ሎሚ ማሽተትስ? አይጎዳም፣ የሚቀለው ሰው አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድኃኒቱ ላይ ነው። ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ክኒኑ ቶሎ ወደ ደም አይገባም፤ ወይም አብሮ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ፕላሲል ነው። ለሌላ ዓይነት ማስመለስ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለጉዞ ማቅለሽለሽ ግን ብዙም አይረዳም። ፋርማሲ ሄዳችሁ ስለ ፕሮሜታዚን ጠይቁ፤ ለአዋቂ 25 ሚሊ ግራም፣ ከመሳፈር ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል። እንቅልፍ ያመጣል! ከወሰዳችሁት በኋላ መኪና አትንዱ፣ አልኮልም አትጠጡ። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የዓይን ግፊት (ግላኮማ) ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

የስኳር ታማሚ ሆናችሁ ኢንሱሊን ከወሰዳችሁ በኋላ ካስመለሳችሁ ስኳራችሁ በጣም ሊወርድ ስለሚችል ጣፋጭ ነገር ከእጃችሁ አይለይ።

አደራ፣ ለማስመለስ ብላችሁ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ውጭ አትንጠልጠሉ። ፌስታል ያዙ፣ ላይፍ ጃኬታችሁን አታውልቁ። ጀልባ ላይ ከማስመለሱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ከወረዳችሁ በኋላ መሬቱ የሚወዛወዝ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ማስመለሱ በማግሥቱም ካላቆመ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ግን “ጀልባው ነው” ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።