ከቤት ብድር በፊት የክሬዲት ነጥብን ማደስ

የክሬዲት ነጥብ በአሜሪካ አንድ ሰው የተበደረውን በወቅቱ ይከፍል እንደሆነ አበዳሪዎች አስቀድመው የሚገምቱበት ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። ከ300 ይጀምርና 850 ላይ ያበቃል። ደመወዝን፣ የባንክ ተቀማጭን፣ ሥራንና ትምህርትን አያውቅም፤ የሚያውቀው መበደርንና መክፈልን ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ እያገኘ ነጥቡ የወደቀ ሐኪም፣ በመጠነኛ ገቢ እየኖረ ነጥቡ 780 የደረሰ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የወደቀ ነጥብ ይነሣል። ሲነሣ ግን የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ለቤት ብድር፣ በተለምዶ ሞርጌጅ ለሚባለው፣ ከማመልከቱ በፊት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረ ሰው ጊዜ የሚፈልገውንም ሥራ ያደርሳል።

ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት ብድር የሚሰጠውም የሚከለከለውም በሰው ግምት ነበር። መረጃ ሰብሳቢ ድርጅቶች የተበዳሪውን ትዳር፣ የመጠጥ ልማድ፣ ጎረቤት የሚያወራበትን ሳይቀር ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ የፌዴራል ሕግ ግለሰቡ ስለ ራሱ የተያዘውን መዝገብ እንዲያይና ስሕተቱን እንዲያሳርም መብት ሰጠው፤ የ1974ቱ ሕግ ደግሞ በጾታና በትዳር ሁኔታ ሰበብ ብድር መንፈግን ከለከለ። ነጥቡን የቀመረው ቢል ፌር የተባለ መሐንዲስና ኧርል አይዛክ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1956 ያቋቋሙት፣ ዛሬ ፋይኮ የሚባለው ኩባንያ ነው። ለማንኛውም አበዳሪ የሚያገለግለው ነጥብ በ1989 ወጣ። በ1995 የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዙት ፋኒ ሜ እና ፍሬዲ ማክ አበዳሪዎች እንዲጠቀሙበት ሲመክሩ፣ የቤት ገዢው ጉዳይ ከዚህ ቁጥር ጋር ተሳሰረ።

መዝገቡን የሚይዙት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የግል ድርጅቶች ናቸው። እያንዳንዱ የየራሱ መዝገብ ስላለው አንድ ሰው ያለው ነጥብ አንድ ብቻ አይደለም። የቤት አበዳሪው በተለምዶ ሦስቱንም አስወጥቶ መካከለኛውን ይይዛል፤ 702፣ 681 እና 664 ከሆኑ የሚሠራው 681 ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲያመለክቱ ወለዱ ብዙ ጊዜ የሚተመነው መካከለኛ ነጥቡ ዝቅ ባለው ሰው ነው። በስልክ መተግበሪያ በነጻ የሚታየው ነጥብ ብዙውን ጊዜ በሌላ ቀመር የተሰላ ሲሆን፣ የቤት አበዳሪዎች ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩት በቆዩ የፋይኮ ቀመሮች ነው። ስልኩ ላይ 700 አይቶ የሄደ ሰው አበዳሪው ቢሮ ሌላ ቁጥር ቢነገረው የተጭበረበረ ሊመስለው ይችላል፤ ልዩነቱ ግን የመጣው ከቀመሩ ነው።

የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠው ብድር፣ ነጥቡ 580 ለደረሰ ሰው 3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይበቃዋል፤ ከ500 እስከ 579 ለሆነ 10 በመቶ ይጠይቃል። አበዳሪው በራሱ ደንብ ከዚህ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ለመደበኛው ብድር ደግሞ 620 ለረጅም ጊዜ እንደ መግቢያ በር ሲታይ ኖሯል። በሩን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር ወለድ ይቀንሳልና። ለምሳሌ ለ30 ዓመት በተወሰደ 400,000 ዶላር ላይ ወለዱ 7.25 በመቶ ከሆነ የወሩ ክፍያ 2,729 ዶላር ገደማ ነው፤ 6.5 በመቶ ከሆነ 2,528 ዶላር ገደማ። በወር 200 ዶላር የሚሆነው ልዩነት እስከ ብድሩ ፍጻሜ ከ72,000 ዶላር ይበልጣል። አንድ ቤተሰብ ቤት ፍለጋውን ስድስት ወር አዘግይቶ ነጥቡን ቢያድስ የሚቆጨው ነገር የለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ፋይኮ ነጥቡን ከአምስት ነገሮች ይሠራዋል። የአከፋፈል ታሪክ 35 በመቶ፣ ያለው ዕዳ መጠን 30 በመቶ፣ የክሬዲቱ ዕድሜ 15 በመቶ፣ አዲስ ብድርና የብድሩ ዓይነት እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ድርሻ አላቸው። ከመቶው 65ቱን የሚይዙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለሆኑ የእድሳቱ ድካም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ግን መዝገቡን ከማንበብ ነው። ሦስቱም ድርጅቶች መዝገቡን በጋራ ድረ ገጻቸው በየሳምንቱ በነጻ ያሳያሉ። ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ያለባቸው በስማቸው የተነሣ ነው። በአሜሪካ አሠራር የቤተሰብ ስም የሚሆነው የአባት ወይም የአያት ስም ነው፤ አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ሊሞላ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። እንዲህ ሲሆን የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት መዝገብ ሊከፈል፣ ወይም የሌላ ሰው ዕዳ ከእሱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ስሕተት ከተገኘ ማስረጃ አያይዞ ለየድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ድርጅቱም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ከብድር ማመልከቻው ቀድሞ መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ ያልተዘጋ ክርክር በመዝገቡ ላይ ካለ አበዳሪው ውሳኔውን ሊያዘገይ ይችላል።

የአከፋፈል ታሪክ የሚጎዳው ክፍያ 30 ቀን ሲያልፍ ነው። አምስት ቀን የዘገየ ሰው ቅጣት ይከፍል እንደሆነ እንጂ በመዝገቡ ላይ አይጻፍበትም። 30 ቀን ካለፈ ግን ምልክቱ ለሰባት ዓመት ይቆያል፤ ቀድሞ ንጹሕ የነበረውን ሰው ደግሞ አብልጦ ይጎዳዋል። ምልክቱ እያረጀ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ውዝፉን ከፍሎ ከዚያ ወዲያ አንድም ወር አለመዝለል ነው፤ ለዚህም ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በየወሩ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግ ይጠቅማል። የኪሳራ አዋጅ ወይም በባንክ የተወሰደ ቤት ያለበት ሰው ነጥቡ ቢያገግምም መጠበቅ አለበት፤ ዕዳን በሙሉ ከሚሰርዘው የኪሳራ ዓይነት በኋላ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ብድር በተለምዶ ሁለት ዓመት፣ መደበኛው አራት ዓመት ያስጠብቃል።

ፈጥኖ የሚንቀሳቀሰው የካርድ ዕዳ ነው። ቀመሩ ቀሪው ዕዳ ከካርዱ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ስንት በመቶ እንደሆነ ያያል። ጣሪያው 1,000 ዶላር በሆነ ካርድ ላይ 900 ዶላር ካለ 90 በመቶ ነው፤ ይህ ነጥብን ክፉኛ ይጥላል። ከ30 በመቶ በታች ማውረድ የተለመደ ምክር ሲሆን ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀኑን ነው። ባንኩ በአብዛኛው ለመዝገቡ የሚልከው የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን ያለውን ቀሪ እንጂ በመክፈያው ቀን ያለውን አይደለም። በየወሩ 900 ዶላር ተጠቅሞ አንድ ሳንቲም ሳያስቀር የሚከፍል ሰው እንኳ፣ የሚከፍለው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ መዝገቡ ሁልጊዜ 90 በመቶ ያሳያል። ያንኑ ገንዘብ ከመዝጊያው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መክፈል ምንም ተጨማሪ ወጪ ሳይኖረው ነጥቡን በአንድ ወር ውስጥ ሊያነሣው ይችላል። የቆዩት የፋይኮ ቀመሮች ያለፈውን ወር ቀሪ ስለማያስታውሱ ውጤቱ ፈጥኖ ይታያል። ዕዳው ካለቀ በኋላ አሮጌውን ካርድ መዝጋት ግን አይመከርም፤ ጣሪያው ከድምሩ ሲወጣ የሌሎቹ ካርዶች መቶኛ ይጨምራልና።

ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሒሳብ ነገሩን ያወሳስበዋል። አዲሶቹ ቀመሮች የተከፈለን እንዲህ ያለ ዕዳ ይተዉታል፤ የቤት አበዳሪዎች የኖሩባቸው አሮጌዎቹ ግን ተከፍሎም ይቆጥሩታል። ስለዚህ የአምስት ዓመት ዕዳ ከፍሎ ነጥቤ ለምን አልተነሣም የሚል ሰው ይኖራል። አበዳሪው ራሱ ክፈል ሊል ስለሚችል መክፈሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰብሳቢው ምልክቱን ከመዝገብ እንዲያነሣ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በአንዳንድ ግዛቶች በጣም ለቆየ ዕዳ ጥቂት መክፈል የክስ ይርጋውን እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ስለሚችል መጀመሪያ መጠየቅ ይበጃል። የሕክምና ዕዳን በተመለከተ ሦስቱ ድርጅቶች ከ2022 ጀምሮ የተከፈለውን፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ መነሻው ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ከመዝገባቸው አውጥተዋል።

መዝገብ የሌለው ሰው ችግር ከዚህ ይለያል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሪያድ የመጣ ሰው የባንክ ታሪኩ አብሮት አይሻገርም። በአሜሪካዎቹ ከተሞች በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ዓመታት ሙሉ እቁቡን ሳያዛንፍ የጣለ ሰው በማኅበሩ ዘንድ ከታመኑት አንዱ ነው፤ ለፋይኮ ግን የለም፤ እቁብ ለመዝገብ ድርጅቶች ሪፖርት አያደርግምና። ነጥብ እንዲወጣለት ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው ሒሳብ ያስፈልገዋል። የተለመደው መነሻ ከ200 እስከ 500 ዶላር በመያዣ አስይዞ የሚወሰድ ካርድ ነው። አንዳንድ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ደግሞ ተበዳሪው ከፍሎ ሲጨርስ ገንዘቡን የሚቀበልበት ትንሽ ብድር ይሰጣሉ። ታማኝ ዘመድ በቆየ ካርዱ ላይ የዚህን ሰው ስም ቢያስገባ ያ ታሪክ ሊቆጠር ይችላል፤ ባለ ካርዱ ካዘገየም ጉዳቱ አብሮ ይመጣል።

ዋስ መሆን ብቻውን የሚታይ ጉዳይ ነው። በአገር ቤት ልማድ ዋሱ የሚጠራው ተበዳሪው ሲጠፋ ነው። በአሜሪካ ግን ለወንድም መኪና አብሮ የፈረመ ሰው ብድሩ ከመጀመሪያው ቀን በእሱም መዝገብ ይጻፋል፤ ወንድሙ ያዘገየው ወር የእሱ መዘግየት ነው፤ የመኪናው ወርኃዊ ክፍያም አበዳሪው ዕዳን ከገቢ ጋር ሲያነጻጽር ሊቆጠርበት ይችላል። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው እንቢ ማለቱ የዘመድን ፊት ቢያጠቁርም፣ በዚያ ዓመት ባይፈርም ይሻላል።

ነጥብ እናነሣለን የሚሉ ድርጅቶች የሚሠሩት ባለ ጉዳዩ ራሱ በነጻ ሊያደርገው ከሚችለው አያልፍም። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሥራውን ሳይፈጽሙ ክፍያ መቀበልን ይከለክላቸዋል፤ ደንበኛውም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት እውቅና የሰጣቸው አማካሪዎች በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ መዝገቡን አብረው ያነባሉ።

ማመልከቻው ሲቃረብ አዲስ ካርድ ማውጣት፣ መኪና በዱቤ መግዛት፣ የቤት ዕቃ በብድር ማዘዝ መቆም አለበት። የተለያዩ የቤት አበዳሪዎችን ወለድ ማወዳደር ግን አይጎዳም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተደረጉ የሞርጌጅ ጥያቄዎች በአሮጌዎቹ ቀመሮችም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በዚህ ወቅት የካርድ ዕዳ ከተከፈለ አበዳሪው ማስረጃውን ልኮ ነጥቡን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያሳድስ ይችላል። የደረሰ እቁብ ወደ ባንክ የሚገባ ከሆነ አስቀድሞ ቢገባ መልካም ነው፤ አበዳሪው በተለምዶ የሁለት ወር የባንክ ሒሳብ ስለሚያይ ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቅበታል። ብድሩ ከተፈቀደም በኋላ አበዳሪው ከፊርማው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ መዝገቡን እንደገና ሊመለከት ይችላል፤ ያኔ አዲስ ዕዳ ካገኘ ወለዱን ሊለውጥ፣ አለዚያም ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል።