ነጻ የስልክ ጨዋታዎች ያለማስታወቂያ እንዴት ይዛመታሉ?

በጥቂት ባለሙያዎች ተዘጋጅተው በነጻ የሚቀርቡ የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታዎችን ከሕዝብ ዘንድ የሚያደርሳቸው በአብዛኛው የተጫዋቹ አንደበት ነው።

ለዚህ ዓይነተኛው አብነት በጆሽ ዋርድል የተሠራው «ዎርድል» የተሰኘው የቃላት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ ኖቬምበር 1 ቀን 2021 የነበሩት ተጫዋቾች 90 ብቻ ሲሆኑ፣ በሁለት ወር ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ደርሰዋል። ተጫዋቹ መልሱን ሳይገልጥ ውጤቱን በባለቀለም ካሬዎች ለወዳጁ መላክ መቻሉ ለዚህ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው፤ ያየ ሁሉ «ይህ ምንድነው?» ማለቱ አልቀረም።

በአገራችን ቅኔ ጌምስ ያዘጋጀው «ኩኩሉ» ለበዓል ከመታረድ የሚሸሽ ዶሮን ያስሮጣል። ስሙን በድብብቆሽ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማብራሪያ የማይሻ ጨዋታ ደግሞ በአፍ ለመተላለፍ ይቀልለዋል። ገበጣስ ቢሆን መሬት ላይ ከተማሰ ጉድጓድ በቀር ምን አስተዋዋቂ ነበረው!

በሸካ ዞን አንድራቻ ወረዳ እንደምትገኘው ጌጫ ባሉ ከተሞች የፋይሉ መጠን ትልቅ ቦታ አለው። አነስተኛ ፋይል ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ይሁንና እንዲህ የተላለፈ ቅጂ በመተግበሪያ መደብሩ የማውረጃ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። በመሆኑም ለወጣት አዘጋጆች ድጋፍ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ቁጥር ብቻ መመዘኛ ካደረገ፣ ሕዝብ የወደደው ሥራ ያልተፈለገ መስሎ ሊታየው ይችላል።